አፍንጫ አይገድፍም

ባለፈው ሐሙስ ሰሚት ኮንዶሚኒየም የምትኖረውን ልጄን ልጠይቅ ሄጄ፣ ደረጃውን ቀስ እያልኩ ስወጣ ከአንዱ ቤት ቅቤ ሲነጠር ሸተተኝ። ኮሰረቱ፣ ኮረሪማው፣ በኋላ የገባው አብሽ፣ ሁሉም በየተራው ወደ ደረጃው ይወጣል። መቼም በዚህ ዕድሜ ሰው ለማረፍ ሰበብ አያጣም፤ ብረቱን ይዤ ቆምኩ። አንዲት ልጅ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ እየሮጠች ስትወርድ አየችኝና፣ "አባባ፣ አመመዎት እንዴ? ልደግፍዎት?" አለችኝ።

"የለም ልጄ፣ እያሸተትኩ ነው።"

"ምኑን?" አለችና አየሩን ሳብ አደረገች። "ኧረ ልብስ ላይ ይቀራል አባባ፣ ይውጡ ይውጡ!" ብላኝ ወረደች።

እኔ ግን ቆየሁ። የሚነጠር ቅቤ በሸተተኝ ቁጥር ባንተይርጋ ትዝ ሳይለኝ አይቀርም። ባንተይርጋ ስል ያን ሼፍ ባንተይርጋን ነው። የዛሬ ልጆች ላታውቁት ትችላላችሁ፤ እናቶቻችሁን ጠይቁ። እሁድ ከሰዓት በቴሌቪዥን፣ ነጭ ካፖርቱን ለብሶ ድስት ላይ ጎንበስ ይልና ዓይኑን ይጨፍናል፤ ከዚያ "እህ... አሁን ደረሰች" ይላል። ማንኪያ አፉ ደርሶ አያውቅም። "አፍንጫ አይገድፍም" የሚለውን አነጋገር ከተማው ከእሱ አፍ ነው የወሰደው፤ የታክሲ ረዳቱ ሳይቀር ይለው ነበር። እኔ የማውቀው ግን ከዚያ ሁሉ በፊት ነው፤ ያኔ ባንቴ ነበር፣ እስከዛሬም ባንቴ ነው።

የተዋወቅነው ኢምፔሪያል እንዲህ የመኪና ጡሩምባ ሳይውጠው ነው። ከዚያ ወደ ገርጂ ሲወርዱ ጭቃው ያስፈራል፤ ክረምት ሲሆን የተማረውም ያልተማረውም ጫማውን በእጁ ይዞ ነው የሚያልፈው። ቡልቡላማ ጤፍና ሽምብራ የሚዘራበት አገር ነበር። አውሮፕላን በላያቸው ሲያርፍ ላሞቹ ቀና እንኳ አይሉም፣ ለምደውታል። እኔ አንዲት በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ የተሬሊን ሱሪ እሰፋለሁ። እግሩ የሚሰፋበት ዘመን ነበር፤ ጎረምሳው ሁሉ እግሩን በጨርቅ ሞልቶ መንገድ ይጠርግበታል፣ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ያንኑ ሱሪ "አጥብብልኝ" ብሎ ይመጣል። ፋሽን ለልብስ ሰፊ እንጀራ ነው፣ ሲሰፋም ሲጠብም ይበላበታል። ከበረንዳዬ አጠገብ አንዲት የቆርቆሮ ምግብ ቤት ነበረች። ሽሮ በሰባ አምስት ሳንቲም፣ ዳቦ በአሥር ሳንቲም፣ ሻይ ከዚያም ያነሰ። ግንበኛው፣ ሹፌሩ፣ የአውሮፕላን ማረፊያው ዘበኛ እዚያ ይሰበሰባል፤ ፊት ለፊት ያለው ካሴት ቤት ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ዘፈን ይደጋግማል፣ ሰዉ እየበላ በእግሩ ምት ይመታል። ወጥ የሚሠራው ባንቴ ነበር። ቀጭን፣ ጆሮው ትልልቅ፣ ሽርጡ ከስኳር ከረጢት የተቀደደ። "አንተ ሰውዬ፣ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ አንተ የስኳር ፋብሪካ ትመስላለህ?" ብዬ ከአቡጀዲ ሽርጥ ሰፋሁለት። ወዳጅነታችን ከዚያች ሽርጥ ነው የተጀመረ።

ባንቴ ጾም የሚያጠብቅ ሰው ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ ሁዳዴ፣ ፍልሰታ፣ ሌላም ሌላም፤ በጾም ወራት ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ በአፉ አይዞርም። ታዲያ ምግብ ቤት ነውና የማይጾም ሰው ይመጣል፣ ሥጋ ያዛል። ወጥ ሠሪው እንዴት ብሎ ይቅመስ? ሌላው ወጥ ቤት ምራቁን እየተፋ ይቀምሳል ወይም ለማይጾም ሰው ያስቀምሳል። ባንቴ ግን፣ "በምላሴ ከተማመንኩ ከዓመቱ ግማሹን ዕውር ነኝ" አለና አፍንጫውን አሠለጠነ። ሽንኩርቱ ጥሬነቱ መቼ እንደለቀቀው፣ በርበሬው መቼ መቁላላቱን ትቶ ማረር እንደጀመረ፣ ሥጋው የዛሬ ይሁን የትናንት፣ ሁሉን ከድስቱ ክዳን ሥር ያነበዋል።

"ጨውስ?" እለዋለሁ። "ጨው ይሸታል እንዴ?"

"ላንተ አይሸትህም። አንተ የምታሸተው ክር ነው።"

"ዋሸህ።"

"እሺ፣ ጨው በእጅ ነው። አሁን ተነሥና ሥራህን ሥራ፣ ሱሪ የሚጠብቅ ሰው አለ።"

እንዲህ ነበርን። ከዚያ ዘመኑ ተገለበጠ፣ ሌላ ዘመን መጣ፣ እሱን ለሚያውቁ እተወዋለሁ። እኔ የማውቀው ጭቃው አስፋልት መሆኑን፣ ቦሌ ላይ መስታወት የለበሰ ሕንፃ እንደ እንጉዳይ መብቀሉን ነው። አንዲት የሆቴል ባለቤት ምሳ ሊበላ የገባ ሹፌሯን ልትጠራ ብላ ከቆርቆሮዋ ቤት ደጅ ስትደርስ ሽታው ይዟት ገባ፤ ባንቴንም ይዛው ሄደች። እሷ ዘንድ ሠራ፣ የፈረንጁንም ምግብ ተማረ፣ በኋላ ቦሌ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ የራሱን ምግብ ቤት ከፈተ። በሩ ላይ ስሙ በትልቁ ተጻፈ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት እስከ ግማሽ ነው፤ ያን ስም ግን ከታክሲ ሳልወርድ አነበው ነበር።

ባንቴ ቴሌቪዥን ላይ መቅረብ የጀመረ ጊዜ ቆቡን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ያ ረጅሙ፣ እንደ ጭስ ማውጫ የሚቆመው። ከየት አባቴ አውቄው! ካርቶን ቆርጬ ውስጡ ከተትኩና አቡጀዲ አለበስኩት። መብራቱ ሲበራ፣ ካሜራው ሲዞር፣ ባንቴ ድስቱን ሲከፍት እንፋሎቱ ካርቶኑን አራሰውና ቆቡ ቀስ እያለ በቀኝ ጆሮው ላይ ተኛ። አገሩ ሁሉ ሳቀ። እሱ ደንግጦ ያወልቀዋል ስል ዓይኑን እንደጨፈነ፣ "ዝም በሉ፣ እሱም እያሸተተ ነው" አለ። ከዚያች ቀን በኋላ ሰው ወደደው። ሠርግ ያለ እሱ አይደምቅም፤ ሰው ሙሽራዋን ትቶ ከእሱ ጋር ፎቶ ይነሣል። ታክሲ ሲሳፈር "ሼፍዬ፣ ካንተ አልቀበልም" ይሉታል። እሱ ግን ምግብ ቤቱ ሲሞላ የሚቆመው አንድ ቦታ ነው፤ ከማድቤቱ ትንሿ መስኮት ኋላ። የሰው ፊት ያያል። የመጀመሪያዋን የጎረሰ ሰው ቅንድቡ ከፍ ካለ ወደ ምድጃው ይመለሳል። ሌላ የሚፈልገው ምስጋና አልነበረም።

ያ ሁላችንንም ቤት ያስቀመጠ የሳል በሽታ ሲመጣ እኔ የአፍ መሸፈኛ እየሰፋሁ ከረምኩ፤ ባንቴ ታመመ፣ ተኝቶ ተነሣ። እግዚአብሔር ይመስገን አልን። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ወደ መስፊያዬ መጥቶ ከበርጩማዬ ላይ ተቀመጠና፣ "መንገሻ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ካንተ እንዳይወጣ" አለኝ። ከኪሱ ቁራጭ ዝንጅብል አውጥቶ ሰበረና አፍንጫው ላይ ያዘ። "ምንም" አለ። ለእኔ አቀበለኝ፣ ዓይኔን አስነባኝ። "ሐኪሞቹ ይመለሳል ብለውኛል። ለአንዳንዱ ቶሎ፣ ለአንዳንዱ ቆይቶ።"

ጠበቅን። ክረምት መጣ ሄደ። እሱ በዓይኑና በልማዱ ይሠራል፤ እጁ የሚያውቀውን እጁ ይጨርሰዋል፤ የቀረውን ረዳቶቹ "ደረሰ ሼፍ" ሲሉት "አውቄያለሁ" ይላል። ለሴት ልጁ ለሰብለ እንኳ አልነገራትም፣ እናቷ ካረፈች ወዲህ ሐዘን እንዳይደራረብባት ብሎ። በየጠዋቱ አንድ ቅርንፉድ ጨፍልቆ ይሞክራል። እኔም ፊቱን አይቼ ነው የማውቀው፤ አልጠይቀውም።

ባንቴ በየዓመቱ በፍልሰታ አንድ ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ለሰፈሩ ካህናትና አረጋውያን የጾም ምሳ ያበላ ነበር። የራሱ ስእለት ነው፤ የሚያበስለውም ራሱ ነው። በዚያ ዓመትም አልተወውም። ተው ያለው ሰውም የለም፤ የሚያውቀው እኔ ብቻ፣ እኔም የጾም ሽሮ ምን ያሳስታል ብዬ። እንግዲህ የወጥ ቤት ነገር እንዲህ ነው፤ ለጾም ወጥ ዘይቱ እንደ ቅቤ በኮሰረትና በኮረሪማ ይነጠራል። የተነጠረው ዘይትና የተነጠረው ቅቤ በሁለት አንድ ዓይነት ማሰሮ ምድጃው ዳር ይቀመጣሉ፤ ከሙቀቱ የተነሣ ሁለቱም ቀልጠው ሁለቱም ቢጫ ናቸው። ባንቴ ምልክት አድርጎባቸው አያውቅም። ምን ያደርግለታል? ክዳኑን ከፈት አድርጎ ያልፋል፣ አለቀ።

ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ብሎ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ መጣ። ነጠላው ነጭ፣ ፊቱ የጾም ፊት፣ ብዙዎቹ ደግሞ በዚያ ቀን የቆረቡ ነበሩ፤ አሮጊቶቹ አፋቸውን በነጠላ ጫፍ ሸፍነው ነው የገቡት። ከካህናቱ ሸምገል ያሉት አባ ማዕዱን ባረኩ። ሽሮው እየተንተከተከ ቀረበ። ባንቴ ከመስኮቱ ኋላ ቆሞ ነበር። አባ የመጀመሪያዋን ጎረሱ፣ ማላመጡን ጀመሩና ተዉት። ወደ መስኮቱ ዞረው እጃቸውን በአየር ላይ አቆዩ። በጣም በቀስታ፣ አጠገባቸው ለተቀመጥነው ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ "ልጄ... ይኼ ቅቤ ነው" አሉ።

እኔም ጎርሼ ነበር። ተፋሁት፣ እኔ አልቆረብኩም። የተቸገሩት የቆረቡት ናቸው። የቆረበ ሰው በዚያ ቀን አይተፋም። ቅቤውን ቢውጡት ጾም ሊገደፍ፣ ቢተፉት ሥጋ ወደሙ የገባበትን አፍ ሊያረክሱ። አሥራ ምናምን የሚሆኑ አሮጊትና ሽማግሌ፣ አፋቸው እንደሞላ፣ ማላመጡን አቁመው፣ እርስ በርስ እየተያዩ ተቀመጡ። እንዲያ ያለ ዝምታ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። አንዲት አሮጊት እንባዋ ወረደ። በመጨረሻ አባ ዓይናቸውን ጨፍነው ዋጡ፤ ሌሎቹም እሳቸውን አይተው ዋጡ። "ንስሐው በእኔ ይሁን" አሉ አባ፣ ተነሡ፣ ወጡ። ባንቴ ከመስኮቱ አልተንቀሳቀሰም። ፊት ለማየት ነበር የቆመው፤ አየ።

አንዱ በስልኩ ቀርጾት ኖሮ እስከ ማታ ከተማው አየው። ገሚሱ "ሆን ብሎ ነው" አለ፣ ገሚሱ "ሃይማኖቱን ለውጧል" አለ፤ አፍንጫውን ያጣ ሰው ይሆናል ብሎ የጠረጠረ ግን አንድም የለ። ቢናገር ኖሮ ያዝኑለት ነበር። አልተናገረም። "አፍንጫ የሌለው ሼፍ ከሚሉኝ ከሐዲ ይበሉኝ" አለኝ። የጾም ቀን ደንበኛ ቀረ፣ ከዚያ የፍስክም ቀረ፣ ቴሌቪዥኑም ሌላ ልጅ አስገባ። ምግብ ቤቱ ተዘጋ፤ ዛሬ እዚያ ቦታ የስልክ ዕቃ ይሸጣል። ባንቴ ቡልቡላ፣ ሰብለ ቤት ገባ። ያኔ ነው ለእሷም የነገራት።

ዘንድሮ ከጥምቀት በኋላ ሰብለ ኢምፔሪያል ላይ አግኝታኝ ሻይ ጋበዘችኝ። አባቷን መስላለች፣ ጆሮዋ ሳይቀር። "ጋሼ መንገሻ፣ ትንሽ ቤት አግኝቻለሁ፣ ሰሚት። በአባዬ ስም ልከፍተው ነው። ሰው እኮ ረስቶታል፣ የሚወዱት ግን አልረሱትም" አለችኝ።

"እሱ ምን አለ?"

"አንድ ቀን ልሥራና መንገሻ ይብላው፤ ጥሩ ነው ካለ እሺ እላለሁ፣ አይሆንም ካለ ሁለተኛ አታንሺብኝ አለ።" እጄን ያዘች። "ጋሼ፣ ጥሩ ነው ይበሉት። ምንም ይሁን ምን። ማድቤቱን እኔ አየዋለሁ። ቁጭ ብሎ ግድግዳ ሲያይ መዋሉን እርስዎም ያውቃሉ። እኔ እኮ እሱን ከወንበሩ ማስነሣት ነው የምፈልገው።"

ምን ይባላል? "እሺ ልጄ" አልኳት። ከልቤም ነበር ያልኩት።

በማግስቱ ቡልቡላ ሄድኩ። መብራት ሲሄድ ሲመጣ የሰነበተበት ሳምንት ነበር፤ ደረጃው ላይ ሰው ሁሉ መብራት ኃይልን ያማል። ሰብለ ሥራ ሄዳለች። ባንቴ በሩን ሲከፍት ነጩን ካፖርት ለብሷል፣ እኔ የሰፋሁትን፣ ቁልፎቹ አንድ በአንድ ተቆልፈዋል፣ ተላጭቷል። በርበሬው ቀድሞት መጣ፤ ከበርበሬው ሥር ደግሞ ሌላ ነገር ነበር፣ እኔ የውጭ የፍሳሽ ቱቦ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

"ቁጭ በል፣ ቁጭ በል። ዛሬ ሸማኔ አይደለህም፣ ደንበኛ ነህ።"

"ሸማኔ ሆኜ አላውቅም፣ ልብስ ሰፊ ነኝ።"

"ለሆድ ሁሉም አንድ ነው።"

ቀይ ወጥ ሠርቶ ነበር። ቀለሙ እንደ ድሮው፣ ዘይቱ በላዩ ላይ እንደ ወርቅ የተኛ፣ እጁ ምንም አልረሳም። ሰብለ በዚያ ሳምንት መጀመሪያ የገዛችውን ሥጋ ከማቀዝቀዣው አውጥቶ ነው የሠራው። እጃችንን ታጠብን፣ እንጀራውን ዘረጋ፣ እሱ ሳይቀምስ ጠቅልሎ አጎረሰኝ። ከዚያ ፊቴን ያይ ጀመር፣ ያን የመስኮቱን አስተያየት።

ጎረስኩ። ሥጋው ሸቷል። ትንሽ አይደለም፤ በርበሬውና ቅመሙ ላዩን ሸፍኖት አፍ ውስጥ ሲፈታ ነው የሚወጣው። ቅንድቤን ከፍ አደረግሁለት። ዋጥኩት።

"እ?"

"ጥሩ ነው።"

ፊቱ ምን እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም። ሁለተኛዋን ጠቅልሎ አነሣ፣ ከመጀመሪያዋ የገዘፈች። እሷንም ተቀበልኩ፣ እሷንም ዋጥኩ። "አልኩህ አይደል? ከእጅ አይወጣም እኮ!" አለ፤ እጁን በፎጣ ጠርጎ ስልኩን አነሣ። "ለሰብለ ልደውልላት፣ ቤቱን ትያዘው። የመጀመሪያው ቀን እኔ ነኝ የምሠራ፣ ማንም ማድቤት እንዳይገባብኝ።"

እዚህ ላይ ነው የቸገረኝ። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ሁለት ጉርሻ ቢገድለኝም ኖሬያለሁ። ያቺ ልጅ ማድቤቱን አየዋለሁ ትላለች፣ እሱ ደግሞ ማንም አይግባ ይላል፤ ነገ ሰዉ ልጁን ይዞ ሊበላ ይመጣል። ያ የፍልሰታ ዝምታ ጆሮዬ ላይ መጣ።

"ባንቴ።"

"አቤት።" ስልኩን እየነካካ ነው።

"ሥጋው ሸቷል።"

ስልኩን አስቀመጠው። ትሪው ላይ ጎንበስ አለ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ እንደዚያ እንደ ቴሌቪዥኑ። ብዙ ቆየ። ቀና ሲል ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም።

"ስንት ጎረስክ?"

"ሁለት።"

"መጀመሪያው ላይ አላወቅህም?"

"አውቄያለሁ።"

"ታዲያ ሁለተኛውን ለምን ጎረስክ?"

"አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባል የለ።"

ሳቀ። እውነት ሳቀ፣ ትከሻው እስኪነቀነቅ፤ እኔም ሳቅሁ፣ ጎረቤት እስኪሰማን ድረስ። ሳቁ ሲያልቅ ዓይኑን በካፖርቱ እጅጌ ጠረገና የመሶቡን ክዳን አንሥቶ ትሪውን ሸፈነው። "ለሰብለ እኔ እነግራታለሁ" ስለው "ተው፣ እኔው ነግሬያት ይብቃት" አለ። ከዚያ ካፖርቱን አወለቀ፣ አጣጥፎ ወንበር ላይ አስቀመጠው፣ እጅጌውን ሰበሰበ።

"በል፣ ውሃ አምጣና አስታጥበኝ።"

ማንቆርቆሪያውን አመጣሁ። መጀመሪያ እኔ አፈሰስኩለት፣ ቀጥሎ እሱ አፈሰሰልኝ። እንደ ጠገበ ሰው ታጠብን።